ኮፈን በ40 ሰከንድ አይገጠምም

ስልካችሁ ላይ አይታችሁት ይሆናል። አንድ ጎረምሳ ጥቁር ኮፈን በሁለት እጁ ብድግ ያደርጋል፤ መኪናው ላይ ያስቀምጠዋል፤ አንዴ ያጨበጭባል፤ ኮፈኑ ወዲያው ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ሙዚቃ፣ የሞተር ጩኸት፣ በቃ አለቀ። 40 ሰከንድ። ከሥሩ የልብ ምልክት በሺህ ተደርድሯል። አልዋሽም፤ እኔም ልብ ሰጥቼ አልፋለሁ።

ነገሩ ያለው ጭብጨባው ላይ ነው። በሁለቱ ምስሎች መሃል ተቆርጦ የወጣው ሥራ ሳምንታት የፈጀ ሊሆን ይችላል። ሙያው ያለው እዚያ የተቆረጠው ውስጥ ነው። ሰው የሚጎዳውም እዚያው ውስጥ ነው።

እኔ ቦዲና ቀለም የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ያኔ ኮፈን ማለት ላሜራ ነው፤ ላሜራ ማለት መዶሻ ነው፤ መዶሻው ያላቃናውን እስቱኮ ይሸፍነዋል። አሁን የምሠራው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ ያገራችን ሰው በከፈተው ጋራዥ ውስጥ ነው። አብዛኛው ሥራችን የተጋጨ ቶዮታ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ግን እ.ኤ.አ. የ1969 ሼቭሮሌት ካማሮ ገባልን፤ ከኋላው ደግሞ አልጋ የሚያህል ሳጥን በፒክአፕ ተጭኖ መጣ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የፋይበር ግላስ ኮፈን ነው።

ባለጡንቻዎቹ

አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን መኪና “መስል ካር” ይሉታል፤ ባለጡንቻ መኪና እንደ ማለት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ተራ መኪና ውስጥ ትልቅ ሞተር ትከታለህ፤ ዋጋውን ወጣት ሠራተኛ ሊደርስበት በሚችለው ልክ ትይዛለህ። ብዙዎች የዘመኑን መጀመሪያ ከ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ይቆጥራሉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ፎርድ ሙስታንግን በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ አሳየ። ጀነራል ሞተርስ ደግሞ መልሱን፣ ካማሮን፣ በ1966 መስከረም ለገበያ አወጣ። ጠንቃቆቹ ሙስታንግንና ካማሮን “ፖኒ ካር” ብለው ይለዩአቸዋል። መንገድ ላይ ግን ሞተሩ ሲያጓራ ማንም ይሄን አይጠይቅም።

ፋይበር ግላስም የዛሬ ልጆች ያመጡት ነገር አይደለም። ኮርቬት ገና በ1953 ሲወጣ ሙሉ ቦዲው ፋይበር ግላስ ነበር፤ በዚያ ዓመት 300 ብቻ ተሠሩ፤ ሁሉም ነጭ። በ1964 ፎርድ ለቀጥታ መስመር ውድድር ያዘጋጀው ፌርሌን ተንደርቦልት የፋይበር ግላስ ኮፈን ነበረው። በ1968 ሄሚ ሞተር የተገጠመለት የውድድር ዶጅ ዳርት ደግሞ ኮፈኑም የፊት ፓራፋንጎዎቹም ፋይበር ግላስ ነበሩ። ምክንያቱ ክብደት ነው። ውድድሩ ሩብ ማይል፣ ማለትም 400 ሜትር ገደማ ነው። ከመኪናው አፍንጫ ላይ የተቀነሰ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል።

የእኛው ሳጥን ውስጥ ያለው ኮፈን መሃሉ ከፍ ብሎ የተነሳ፣ አፉም ወደ ፊት መስታወቱ የዞረ ነው። ለማያውቅ ሰው ተገልብጦ የተሠራ ይመስላል። ግን መኪና ሲሮጥ አየር የፊት መስታወቱ እግር ላይ ይጨናነቃል። ግፊቱ እዚያ ከፍ ይላል፤ ቀዝቃዛውን አየር ሞተሩ ከዚያ ይስባል። ሼቭሮሌት በ1969 ካማሮ ላይ ይህንን ቅርፅ በላሜራ እየሠራ ተጨማሪ ለሚከፍል ደንበኛ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ሌሎች አምራቾች ያንኑ ቅርፅ በፋይበር ግላስ ያወጡታል።

“ልጄ ትመረቃለች”

የመኪናውን ባለቤት ሁላችንም “ጋሼ” ነው የምንላቸው። ዋሽንግተን ውስጥ ረጅም ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የድሮው የላሜራ ኮፈን ጫፉ በዝገት ተበልቷል፤ መሃሉም አንዴ ተመትቶ በእስቱኮ ተሞልቷል።

“ልጄ ትመረቃለች” አሉን። “የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን። በዚች መኪና ነው የምወስዳት፤ በአዲሱ ኮፈን።”

አለቃችን ሳጥኑን ዞር ዞር ብሎ አየና “ጋሼ፣ መግጠሙን እንገጥምልዎታለን። ቀለሙን ግን ለዚያ ቀን ቃል አልገባም” አለ።

“ለምን? ሌላ ቦታ በሦስት ቀን እናስረክባለን ብለውኛል’ኮ!”

“እነሱም አልዋሹም። በሦስት ቀን ያብረቀርቃል። በሦስተኛው ወር ደግሞ ይመጡብኛል።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋይበር ግላስ የመስታወት ክርና ሙጫ ነው። ሙጫው ከሻጋታው ሲወጣ የደረቀ ይመስላል እንጂ ገና መድረቁን አልጨረሰም። ፀሐይና ሙቀት ሲያገኝ ይሰበሰባል፤ ውስጡ የቀረውንም ትነት ያወጣል። ሳይጨርስ ቀለም ከለበሰ፣ መጀመሪያ እንደ መስታወት የነበረው ገጽ ቆይቶ የክሩን ሽመና ያሳያል፤ አንዳንዴም ውኃ እንደቋጠረ ቁስል ያብጣል። ያኔ መፍትሔው ሁሉንም ፍቆ እንደገና መጀመር ነው። ለቀለሙ የሚከፈለው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ሊሆን ነው ማለት ነው። ለጡረተኛ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጋሼ አኮረፉ። ግን መኪናውን አልወሰዱትም።

ከቀለም በፊት መግጠም

የመጀመሪያው ሕግ ይሄ ነው፤ አዲስ ኮፈን ሳይገጠም ቀለም አይነካውም። አብዛኛው ሻጭ አንዴ የተፋቀ ወይም የተቀባ ዕቃ አይመልስም።

ስለዚህ ከሳጥኑ እንደወጣ ገልብጠን አየነው። ማጠፊያውና የፊት መቆለፊያው የሚታሰሩበት ቦታ ላይ ብረት መቀበሩን አረጋገጥን። ከዚያ በሳንቲም ጠርዝ ገጹን ቀስ እያልኩ መታሁት። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ አየር የቀረበት ወይም የተላቀቀ ቦታ ደፈን ያለ፣ የሞተ ድምፅ አለው። የእኛው ደህና ነበር።

የድሮውን ኮፈን ከመፍታታችን በፊት ማጠፊያዎቹ ያረፉበትን ዙሪያ በማርከር አሰመርን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ በኋላ ግን ስንት ሰዓት አዳነን። የላሜራውን ለማንሳት ሁለት ሰው ፈለግን። አዲሱን ብቻዬን አነሳሁት።

ይህ ቅለት ራሱ ችግር ያመጣል። በፋብሪካው ማጠፊያ ላይ ያሉት ሁለት ሞላዎች ከባድ ላሜራ እንዲሸከሙ የተሠሩ ናቸው። በፋይበር ግላሱ ላይ ከተዋቸው፣ ኮፈኑን ስትዘጉት እነሱ ከኋላ ወደ ላይ ይገፉታል። መሃሉ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ ቆይቶም ማጠፊያው አጠገብ ይሰነጠቃል። ወይ ደካማ ሞላ መግዛት፣ ወይ ሞላውን አውጥቶ የብረት ድጋፍ ዘንግ ማድረግ ያስፈልጋል። እኛ ዘንጉን መረጥን። ሞላው ሲወጣ ጉልበቱ ጣት ይቆርጣል፤ መነጽርና ትክክለኛ መሣሪያ የሌለው ሰው ባይነካው ይሻላል።

ከዚያ ኮፈኑን አሳረፍነውና ቀስ አድርገን በእጃችን ዘጋነው። የመጀመሪያውን ቀን “ድው!” አድርጎ መዝጋት የለም። በኮፈኑና በፓራፋንጎው መሃል ያለውን ክፍተት ለካን። ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደስ ይለናል። ከቁጥሩ በላይ ግን ዓይን የሚያየው እኩልነቱን ነው። የእኛ በግራ በኩል 8 ነው፤ በቀኝ 3።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፍቆ ለማስተካከል ወደ ኮፈኑ ይሮጣል። ግን የሃምሳ ምናምን ዓመት መኪና ነው፤ ስንት ጊዜ ተመትቷል፣ ስንት ጊዜ ተፈቷል። ቅደም ተከተሉ ከበሩ ይጀምራል፤ ፓራፋንጎው በበሩ ይስተካከላል፤ ኮፈኑ ደግሞ በፓራፋንጎው። ስናየው የቀኙ ፓራፋንጎ ወደ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ብሎኖቹን አላልተን፣ ከሥር ቀጭን ብረት አስገብተን ወደ ቦታው መለስነው። ማጠፊያው ላይም ኮፈኑን ጥቂት ወደ ግራ ገፋነው። የተረፈውን ትንሽ ልዩነት ብቻ በግራ ጠርዝ ላይ ሞላን። ጠርዝ ላይ ተራ እስቱኮ አይሆንም፤ በሁለተኛው ክረምት ተሰብሮ ይወድቃል። የመስታወት ክር የተቀላቀለበት እስቱኮ ነው የሚይዘው።

ሌላም አለ። ኮፈኑ ተዘግቶ ሞተሩን ቢነካስ? በዓይን አይታይም። ልጆች የሚጫወቱበትን ፕላስቲሊን ገዝተን በአየር ማጣሪያው ክዳን ላይ ከመርነው፤ ላዩን በላስቲክ ሸፈንን፤ ዘጋነው፤ ከፈትነው። የተጨፈለቀው ፕላስቲሊን ውፍረት ያለንን ክፍተት ይነግረናል። ሞተር በጎማ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ነዳጅ ስትረግጡት ይወዛወዛል። ስለዚህ 25 ሚሊ ሜትር ያህል እንፈልጋለን። ከዚያ በላይ አገኘን።

የሁለት ቀዳዳ ጭቅጭቅ

ከጋሼ ጋር ዋናው ክርክር ግን የመጣው እኔ ድሪል ይዤ ስቀርብ ነው።

“ቆይ፣ ቆይ! አዲስ ኮፈን ገዝቼ ልትበሱብኝ ነው?”

የፋብሪካው መቆለፊያ አንድ ነው፤ ፊት ለፊት መሃል ላይ። ለላሜራ በቂ ነው። ፋይበር ግላስ ግን በፍጥነት ሲሄድ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል፤ አየር ከፊት ገብቶ ያነሳዋል፤ ክብደቱ በአንድ ነጥብ ላይ ይንጠለጠላል። ያቺ ነጥብ አውራ ጎዳና ላይ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ከለቀቀች ኮፈኑ ተገልብጦ የፊት መስታወቱን ይመታል። ሾፌሩ በዚያ ፍጥነት ምንም አያይም። ለዚህ ነው በሁለቱ የፊት ማዕዘኖች ላይ የብረት ካስማ ተተክሎ፣ ኮፈኑ ተበስቶ፣ ከላይ በፒን የሚቆለፈው። ለጌጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

አለቃችን ይህን ሁሉ አልተነተነም። “ጋሼ፣ አጠገብዎ የምትቀመጠው ማናት?” አለ።

ጋሼ ኮፈኑን አዩት፤ እኔን አዩኝ። “በል ብሳው” አሉ።

ቀዳዳው የሚበሳው መስመሩ ሁሉ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከቀለም በፊትም መሆን አለበት። የካስማውን ጫፍ ቀለም አስነክተን ኮፈኑን ስናወርደው ከሥሩ ነጥብ ተወ። ገጹ እንዳይሰነጠቅ ፕላስተር ለጥፈን፣ በቀጭን ጀምረን ቀስ በቀስ አሰፋነው።

ሁሉም ሲያልቅ ስምንተኛው ቀን ነበር። ኮፈኑ ተገጥሟል፤ ቀለም ግን የለውም። አለቃችን አስወርዶ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ጠፍጣፋ ድጋፍ ላይ አስተኛው። ለጋሼ ደግሞ የድሮውን ኮፈን ከነሞላው መለስንላቸው። በማርከር ያሰመርነው ምልክት ስለነበር ከአንድ ሰዓት በላይ አልወሰደብንም። ምረቃው ላይ የሄዱት በዚያው በዛገው ነው። በኋላ ፎቶውን አሳዩን፤ ልጅቷ ጥቁር ጋዎን ለብሳ፣ እጇን በመስኮት አውጥታ ትስቃለች። ኮፈኑን ማን ያየዋል!

ሰም፣ አቧራ፣ ቀለም

ኮፈኑ በፀሐይ ከሰነበተ በኋላ ወደ ማዘጋጀቱ ገባን። እዚህ ላይ ቅደም ተከተል ሁሉ ነገር ነው። ዕቃው ከሻጋታው እንዳይጣበቅ ፋብሪካው ሰም ይቀባዋል፤ ሰሙ ገጹ ላይ ይቀራል። ሳይታጠብ የብርጭቆ ወረቀት ከነካው ሰሙ ጭረቱ ውስጥ ይገባል፤ ቀለሙም እዚያ ላይ አልያዝም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ፣ ከዚያ በሰምና ቅባት ማጽጃ፣ ከዚያ ብቻ ብርጭቆ ወረቀት። እኛ በ180 ጀምረን ወደ 320 ወጣን።

አቧራው የመስታወት ክር ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያሳክካል፤ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከማሳከክ የባሰ ነው። የአቧራ ማስክ፣ ረጅም እጅጌ፣ ጓንት። ስትጨርሱ በኮምፕሬሰር አየር ልብሳችሁን አታራግፉ፤ አቧራውን ወደ አየር መመለስ ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡ።

ቀጥሎ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ በላዩ ወፈር ያለ ፕራይመር። ፕራይመሩ ከደረቀ በኋላ ጥቁር ቀለም በስሱ እንደ ጤዛ ረጨንበትና በረጅም ጣውላ ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ፋቅነው። ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው፤ ቶሎ የጠፋበት ጉብታ ነው። እጅ ይታለላል፤ ይሄ ዘዴ አይታለልም። ሦስት ዙር ፈጀብን። መጨረሻ ላይ በ600 አለሰለስነው።

የመኪናው ቀለም ለማን ብሉ የሚባለው፣ ብናኝ ብረት ያለበት ሰማያዊ ነው። ሞተሩና ጓዳው መሃል ባለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሳህን ላይ ኮዱ ተጽፏል፤ 71። ግን ኮዱ የሚናገረው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ፀሐይ ወጥቶበታል። ትንንሽ ካርዶች ላይ እየረጨን፣ ደጅ አውጥተን ከፓራፋንጎው ጋር እያስተያየን፣ አራተኛው ላይ ተገናኘን። እንዲህ ያለ ቀለም ብረቱ በሚተኛበት አቅጣጫ መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ ኮፈኑን አቁመን ሳይሆን መኪናው ላይ እንደሚተኛው አስተኝተን ረጨነው። መጀመሪያ የሆዱን በኩል፣ ቀጥሎ ጠርዙን፣ መጨረሻ ፊቱን፤ በላዩም መስታወት የመሰለውን ክሊር።

ወተት ሳንባ አያጥብም

ክሊሩ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ አዲስ አበባ ያስተማሩኝን ሰው አስባለሁ። እጃቸው ወርቅ ነበር። ቀለም ሲረጩ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ ይጠመጥማሉ፤ ሲጨርሱ ወተት ይጠጣሉ። እኛንም ያጠጡን ነበር። “መርዙን ያወርደዋል” ይሉናል። ከጊዜ በኋላ ትንፋሻቸው አጠረ። ኮምፕሬሰሩን ከጓሮ ገፍተው ለማምጣት ሁለቴ ያርፉ ነበር፤ በመጨረሻ ሙያውን ተዉት። ሐኪም አይደለሁምና ከምን እንደመጣ አልፈርድም።

እዚህ መጥቼ ግን የማጠንከሪያውን ቆርቆሮ ጀርባ ማንበብ ጀመርኩ። ከክሊሩ ጋር የሚቀላቀለው ማጠንከሪያ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ከታወቁት ዋና መነሻዎች አንዱ ነው። አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት ደግሞ በኋላ ጥቂቱ እንኳ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ጨርቅ አያስቀረውም። ተራ የአቧራ ማስክም አያስቀረውም። ወተትም ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፤ ሳንባ ጋ አይደርስም። በእኛ ጋራዥ ክሊር የሚረጨው ሰው ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚመጣለት ጭምብል አድርጎ፣ አየር በሚስብ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ዓይንና ቆዳም ይሸፈናል።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ስንት ልጅ በዚህ ሙያ እንደሚኖር ስለማውቅ ነው። ካማሮ ላይነካ ይችላል፤ ቪትዝም ቢሆን ክሊሩ ያው ክሊር ነው። ጭምብሉ ከሌላችሁ መፋቅን፣ መግጠምን፣ ፕራይመር ማለስለስን ያዙ፤ ትልቁ ሙያ እዚያ ነው። ባለማጠንከሪያውን ርጭት መሣሪያው ላለው ሰው ስጡ። የጋራዥ ባለቤት ከሆናችሁ ደግሞ ከሚቀጥለው ኮምፕሬሰር በፊት ጭምብሉን ግዙ።

መኪናውን ለሚያሠራ ሰውም ሦስት ጥያቄ ልስጣችሁ። ኮፈኑ ከቀለም በፊት ተገጥሞ ታይቷል ወይ? በፍጥነት ስሄድ የሚይዘው ምንድን ነው? ቀለም ቀቢው ምን ለብሶ ነው የሚረጨው? ሦስቱንም ሳይናደድ የሚመልስላችሁ ጋራዥ ዘንድ መኪናችሁን አስገቡ።

ጋሼ መኪናቸውን በሰኔ ወሰዱ። የድሮውን ኮፈን እንዳትጥሉት ስንላቸው ስቀው ነበር፤ ከመኪናው ጋር የተወለደ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ዋጋ እንዳለው ስንነግራቸው ግን ብርድ ልብስ አምጥተው ጠቀለሉት።

“አልሸጠውም” አሉ። “ልጄን ያስመረቀው እሱ ነው።”